ስልኩ የነገረን ስለ ማን ሰማይ ነበር?



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጨዋወተው ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትምህርት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ገብስና ስለ ስልክ ነው። ገብስ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ካለ፣ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ አለማደጉን በዚሁ እናውቅበታለን። እዚህ የልጁ ደብተር የሚገዛው፣ የዒድ ልብስ የሚሰፋው፣ ልጅ የሚዳረውም በገብስ፣ በባቄላና በድንች ነው።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ ገደሉ አፋፍ በተጠጋ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በገበያ ቀን ወደ ከተማ መጥተው ዐስርን አብረን ሰገድንና ከመስጊዱ ደጃፍ ላይ ያዝ አደረጉኝ።

«አንተ የተማርክ ልጅ፣ ያ ስልክህ ዝናብ ያውቃል ይላሉ። እስቲ ጠይቅልኝ። ገብሱ ደርሷል፤ ልጨደው ወይስ ልቆይ? እኔ እንደሆነ ከአምባው በላይ ያለው ደመና አላማረኝም።»

ስልኬን አወጣሁ። «ደባርቅ» የሚል ስም አለ፤ ከሥሩ አምስት ቀን ተደርድሯል፤ በአምስቱም ላይ የፀሐይ ሥዕል ተቀምጧል። «ይጨዱ፣ አጎቴ፤ ጠብ አይልም» አልኳቸው፤ ያውም በኩራት። አጎቴ ስልኩን ምን ያውቁታል? ያመኑት እኔን ነበር። ደቦ ጠርተው አጨዱ።

በሦስተኛው ሌሊት ዘነበ። ከተማው ላይ መሬቱ እንኳ አልራሰም፤ እሳቸው አፋፍ ላይ ግን አጥቦ ወረደ። ገና ያልተከመረው ገብስ ማሳው ላይ እንደተዘረጋ ውሃ ጠጣ። ጉሙም ለቀናት አልገለጥ ስላለ ከፊሉ ጠቆረ፣ ከፊሉም እዚያው በቀለ። ሰምቼ በሄድኩ ጊዜ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ «ቀደር ነው» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። ሁለተኛው ስኒ ከተጠጣ በኋላ ነው ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ ስልኩ የነገረህ ስለ ማን ሰማይ ነበር?» ያሉኝ። በእውነት ሊያውቁት ፈልገው ነው የጠየቁኝ፤ ለእኔ ግን ከወቀሳ የከበደ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ንባብ በኋላ ነው። የአየር ትንበያ የሚሠሩት ታላላቅ ኮምፒውተሮች ምድርን እንደ ሒሳብ ደብተር ገጽ በካሬ በካሬ ይከፋፍሏታል። የአንዱ ካሬ ጎን ብዙውን ጊዜ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለዚያ ሁሉ ስፋት የሚወጣው አንድ መልስ ነው። ሜዳማ አገር ላይ ይህ ብዙ አያሳስትም። እኛ ግን የምንኖረው የት ነው? የደባርቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በሊማሊሞ ቁልቁለት የወረደ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ቆላ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወጣ ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ራስ ደጀን ያቀናል። ደመናው ገደሉን ሲመታ አንዱን ሸንተረር አልብሶ ሌላውን ይዘልላል። ስለዚህ ስልኩ አልዋሸም፤ ስለ አንድ ሰፊ ካሬ አማካይ ሰማይ ነገረን፤ እኔ ደግሞ ያንን የአጎቴ ሰማይ አድርጌ ወሰድኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። አጎቴ በዐይናቸው ያዩትን ደመና በእኔ የስልክ ሥዕል አስጣልኳቸው።

ይህን የማነሣው ገበሬና ዘመናዊ መሣሪያ አይገናኙ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ለማለት ነው። አንድ ገበሬ ምክር የሚያገኘው ከማን ነው? በደንቡ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች ይመደባሉ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ሦስት ሰው በእግሩ ገደል እየወጣና እየወረደ በመቶ የሚቆጠሩ አባወራዎችን እንዴት ያዳርሳል? በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት በዘለቀ ጊዜ ደግሞ ስንቱ ዘሩንና በሬውን አጣ። እንዲህ ባለ አገር ምክርን በስልክ ማድረስ ቅንጦት አይደለም።

ደግሞም ከላይ የመጣ ሁሉ እንደ እኔ የፀሐይ ሥዕል ከንቱ አይሆንም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ዘረጋ። ጥሪው ነፃ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ በተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይሠራል። ደዋዩ ቋንቋውን መርጦ፣ ወረዳውን አስመዝግቦ፣ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አስተናግዷል። ሚሊዮኑን ያስገኘው ምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ማንበብን አለመጠየቁ ነው። አጎቴ ቁርኣንን በጣታቸው እየተከተሉ ይቀራሉ፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልተማሩም። ለእሳቸው ያማረ ሥዕልና ደቃቅ ጽሑፍ የሞላበት የስልክ ፕሮግራም የተዘጋ በር ነው። ድምፅ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

ይህ መስመር ሲጠሩት ብቻ አይመልስም፤ አደጋ ሲኖር ራሱም መልእክት ይልካል። የስንዴ ዋግን ነገር የዕድሜ ባለጸጎች ያውቁታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የወረደው ቢጫ ዋግ በሀገራችን ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ ማሳ ማጥቃቱ ተመዝግቧል። የዋግ ዘር በዐይን የማይታይ ዱቄት ነው፤ ነፋስ ተሸክሞት ከአገር አገር ያሻግረዋል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተባብረው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቆሙ። ባለሙያዎች በየማሳው ዋጉን አይተው በስልክ ይመዘግባሉ፤ ኮምፒውተሩ የነፋሱን አቅጣጫ አስልቶ ዱቄቱ ወዴት እንደሚወርድ ይገምታል፤ ማስጠንቀቂያው ወደ ልማት ሠራተኛውና ወደ ገበሬው ይወርዳል።

በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የአጎቴ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ከብት ሊያስገቡ ወጥተው ነበርና ያነሡት አክስቴ ናቸው። የተቀዳው ድምፅ ስለ ዋግ ያወራል። አክስቴ ስልኩን አስቀምጠው በቀጥታ ወደ ስንዴው ማሳ ገቡና ቅጠሉን በጣታቸው ፈተጉት፤ ጣታቸው እርድ የነካ ይመስል ቢጫ ሆነ። ያንን ቅጠል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ልማት ሠራተኛው ዘንድ ወሰዱት። መድኃኒቱ በሦስተኛው ቀን ተረጨ። ማሳው ከሞላ ጎደል ተረፈ። አጎቴ ይህን ሲተርኩ እስከ ዛሬ «እኔ ስልኩን ተሸክሜው እዞራለሁ፤ የምትሰማው ግን እሷ ናት» ይላሉ።

እንግዲህ ይህን ከእኔ የ2011 ጥፋት ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ከሩቅ ኮምፒውተር የመጡ ግምቶች ናቸው። አክስቴ ግን ድምፁ በነገራቸው ብቻ መድኃኒት አልገዙም፤ ወጥተው አዩ፣ ነኩ፣ የሚያውቅ ሰው ጠየቁ። እኔ ቁጭ ብዬ ፈረድኩ። በመድረሳ ስንቀራ የመዲና ሰዎች የተምር ዛፍ ስለሚያዳቅሉበት ዘዴ የተላለፈውን ሐዲስ ሰምተናል። የእርሻው ሥራ ለባለሙያዎቹ መመለሱን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ለዕድሜ ልክ ገበሬ መቼ እንደሚያጭድ የነገርኩት።

ስለ ሴቶች ካነሣን አንድ ነገር ላክል። ዲጂታል ግሪን የተባለ ድርጅት ለዓመታት ከግብርና መሥሪያ ቤቶች ጋር እየሠራ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ማሳያ በየመንደሩ ሲያሳይ ቆይቷል። ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴና ስለ በቆሎ አዘራር የቀረቡትን ተመራማሪዎች በአማራና በሌሎች ክልሎች ሲያጠኑ፣ ቪዲዮ የታየባቸው ቀበሌዎች ገበሬዎች ከሌሎቹ ይልቅ አዲሱን አሠራር መሞከራቸውን አገኙ። ባልና ሚስት ሁለቱም እንዲያዩ በተደረገበት ቦታ ደግሞ ሴቶቹ ከግብርና ምክር ጋር ያላቸው ግንኙነት ሰፋ። ይህ ለእኛ ቤት እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም። ድንቹን የምትኮተኩተው፣ ዘሩን መርጣ በጎታ የምታኖረው ማን ናትና ነው? ስልኩ ግን የአባወራው ኪስ ውስጥ ነው፤ አባወራው ደግሞ ገበያ ላይ ነው። ከቻላችሁ ሁለተኛ ተራ ስልክ ለእናት ይገዛ። ካልተቻለም ስልኩ ቀን ቀን ቤት ይዋል።

አሁን ወደ መራራው እንሂድ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ የተቋረጠውም ለብዙ ወራት ነው። በእጃችን የነበረው የስልክ ፕሮግራም ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ልጆች የእርሻ ማስታወሻ የጻፉበት፣ የበሽታ ፎቶ የሚልኩበት መስመር በአንድ ሌሊት ጠፋ። በዚያ ወቅት እኛ ጋ የሠሩት ሦስት ነገሮች ብቻ ነበሩ፤ መስመሩ ሲኖር የድምፅ ጥሪ፣ ቀድሞ ወርዶ በሚሞሪ ካርድ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮና የወረቀት ደብተር። ለገበሬ መሣሪያ የሚያዘጋጁ ወገኖች አዲስ አበባ ተቀምጠው ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። መብራት በሌለበት፣ ሶላሩም በክረምት ጉም ውስጥ በማይሞላበት አገር፣ ያለ ኢንተርኔት የማይነቃ ነገር ለክፉ ቀን አይሆንም።

መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ማንም የግብርና ሐኪም ሆነ። አንድ ተማሪዬ ለቤተሰቡ ድንች ምች «ፍቱን» ነው የተባለ፣ ሁለት ዓይነት መርዝ የሚያደባልቅ ቪዲዮ ይዞልኝ መጣ። ልኬቱ «በቆርኪ» ነው፤ የየትኛው ጠርሙስ ቆርኪ እንደሆነ አይታወቅም! ቪዲዮው የተቀረጸበት አገርም የእኛ አይደለም። ልጁን አመስግኜ ወደ ልማት ሠራተኛው ላክሁት። ያመሰገንኩት ከመርጨቱ በፊት ስለጠየቀ ነው። የመድኃኒት ነገር ከዕቃው ላይ ከተጻፈውና ከባለሙያው አፍ ውጭ በሌላ አይወሰድ፤ የሚረጨውም ሰው አፍንጫውንና እጁን ይሸፍን፣ ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ።

የገንዘቡም ጉዳይ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገበሬው የድንቹን ዋጋ ጥሬ ገንዘብ ሳይሸከም መቀበል ችሏል፤ ለመንገዱ ደኅንነት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘግይቶ ደግሞ በስልክ ብድር መስጠት ተጀመረ። ማዳበሪያ በተወደደበት ሰሞን ቁልፍ ተጭኖ ገንዘብ ማግኘት ያጓጓል። ወንድሞችና እህቶች፣ ወለድ ስሙን ለውጦ «የአገልግሎት ክፍያ» ሊባል ይችላልና ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ክፍያው ስንት ነው? ቀኑ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል? የሚጨምር ከሆነ ስሙ አያታልላችሁ፤ ዓሊም ጠይቁ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ተከፍተዋል፤ ቀድሞ በመደበኛ ባንኮች የተጀመረ ከወለድ ነፃ መስኮትም አለ። አማራጩ ግን እስከ ትንሽ ገበሬ ጎጆ በሚገባ ወርዷል ለማለት አልደፍርም። የባንክ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ የአፋፉ ሰው እየጠበቃችሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በትምህርት ቤታችን የምንሠራትን ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ወስደን አንገቱን እንቆርጥና ገልብጠን እንደ ማጥለያ መልሰን እንሰካዋለን። ሥሩ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር አስገብተን ውሃ እስከ ቀጥተኛው ጎን ድረስ እንሞላለን፤ እዚያ ላይ ዜሮ ብለን እናሰምራለን። ከዚያ በላይ ማስመሪያ እንለጥፋለን። ጠርሙሱ ከዛፍና ከጣራ ርቆ በእንጨት ላይ ይታሰራል። ልጁ በየማለዳው፣ ከሱብሒ መልስ፣ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሞላ በደብተሩ ይጽፋል፤ ውሃውንም እስከ ዜሮው ያጎድላል። አጠገቡ ደግሞ ትናንት ስልኩ ምን ብሎ እንደነበር ይጽፋል። ዋጋው ምንም ነው።

አንድ ክረምት ሲሞላ ያ ደብተር ከማናቸውም ፕሮግራም የበለጠ ይናገራል። አንዷ ተማሪ ስልኩ «ዝናብ» ካለ እነሱ ሸንተረር ላይ ብዙ ጊዜ እውነት እንደሚሆን፣ «ፀሐይ» ሲል ግን እምብዛም እንደማይታመን ከራሷ ቁጥር አገኘች። ይህችን የምታህል ዕውቀት በ2011 ብትኖረኝ ኖሮ!

ጥቅሙ ለአጨዳ ብቻ አይደለም። ሐንስ ሁርኒ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ የመሬት አጥኚ በሰሜን ተራሮች የጀመሩትን ሥራ ወደ ሀገር አስፍተው፣ ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። አፈሩ አብዝቶ የሚሄደው ታርሶ ራቁቱን በሚጠብቀው ማሳ ላይ ኃይለኛው ዝናብ ሲወርድበት ነው። ዝናቡ በየትኛው ሳምንት እንደሚበረታ በደብተሩ የያዘ ቤተሰብ፣ እርከኑን መቼ እንደሚጠግንና የውሃ መውረጃውን መቼ እንደሚጠርግ ያውቃል። እርከኑን የሚሠራው ግን ያው ዶማና ክንድ ነው፤ ለዚህ የተፈጠረ ስልክ የለም።

ሌላው የስልክ ጥቅም ብዙም የማይወራለት ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር 418 አባወራዎች ወጥተው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርጓል። አብዛኞቹ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከፍ ባለ ብርድ ውስጥ ገብስ ያበቀሉ ናቸው። የትኛው የገብስ ዘር ውርጭ ይችላል፣ የትኛው ቶሎ ይደርሳል፣ አፈሩ ስንት ዓመት ማረፍ አለበት የሚለው በሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ልጆቻቸው ዛሬ ከተሜ ሆነዋል፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ወደ አኺራ እየሄዱብን ነው። በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ያለው ስልክ ድምፅ መቅረጫ አለው። ሁልጊዜ ገበሬውን «ስማ» የሚል መሣሪያ ከምናበዛ፣ አንዳንዴ እሱን የሚሰማ ብናደርገው ምን አለበት? ከኢሻእ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከአያታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ «ዘሩን እንዴት ነበር የምትመርጡት?» ብሎ መጠየቅ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስትቀርጹ ግን አስፈቅዱ። የተቀረጸውንም በሌላ ሚሞሪ ላይ ገልብጡት፤ እኔ አንዱን ሽማግሌ ቀርጬ ስልኬ ገደል ገብቶ ቀርቷል፤ እሳቸውም አሁን የሉም።

ባለፈው ኅዳር አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ጠርሙሱ በደጃቸው እንጨት ላይ ታስሯል፤ ደብተሩን የልጅ ልጃቸው ይዛለች። ገብሱ ደርሷል። ስልኬን አውጥቼ «አምስት ቀን ፀሐይ ይላል» ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ባለፈው ዓመት በዚሁ ሰሞን ስልኩ «ፀሐይ» ካለባቸው ቀናት በስንቱ እንደዘነበ አነበበች። አጎቴ ወጥተው ከአምባው በላይ ያለውን ደመና ለረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና፣

«ግማሹን ነገ እናጭዳለን፤ ግማሹን ቅዳሜ። አንተም ነገ ማጭድ ይዘህ ና፤ ስልክህን ከፈለግህ እቤት ተወው» አሉኝ።